ቁልፍ፥ ምልክትና ዳጉ፤ ስለ ላፕቶፕ ጥበቃ ከሎጊያ የተነሣ ጥናት

በዚህች አጭር ጥናት የምንመረምረው ጉዳይ በስሙ አዲስ ነው፥ በጠባዩ ግን ጥንታዊ ነው። አዲስ ማለታችን ላፕቶፕ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ከሌባ ለመጠበቅ ስለሚደረገው ቁልፍና ገመድ ስለምንናገር ነው። ጥንታዊ ማለታችን ደግሞ ባለቤቱ ሊሸከመው የሚችለውን ዕቃ ሌባውም ሊሸከመው ስለሚችል፥ እንዲህ ያለው ንብረት በምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ የግመልና የፍየል፥ የአሞሌ ጨውና የብር ዘመን ሰዎች ሁሉ የጠየቁት በመሆኑ ነው።

ጥናቱን ከሎጊያ ያስነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሎጊያ በአፋር ክልል፥ በአዋሽ ሸለቆ ታችኛው ክፍል፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የመንገደኛ ከተማ ናት፤ ከክልሉ መቀመጫ ከሰመራ የምትርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀድሞ የአሰብ መንገድ ተጓዥ የሚያርፍባት ነበረች። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ በኋላ የአገራችን የውጭ ንግድ አብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ በሎጊያ በኩል የሚያልፈው የጭነት መኪናም እጅግ በዛ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተና ከየአገሩ ተማሪ መጣ፤ ከተማሪውም ጋር ላፕቶፑ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ በዚህች አንዲት ሥፍራ ሦስት ዐይነት የጥበቃ ልማድ ጎን ለጎን ይኖራል፤ እነዚህም የከብት አርቢው፥ የመኪና ነጂውና የተማሪው ናቸው። ከሦስቱ እጅግ ደካማው የተማሪው ነው የሚል አስተያየት አለን፤ ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

መጀመሪያ ስለ ቁልፍ እንናገር። በጥንታዊት ግብፅ በር ላይ ይደረግ የነበረው የእንጨት ቁልፍ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመወርወሪያው ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከበላዩ ያሉ ትንንሽ ችንካሮች በክብደታቸው ወርደው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀመጡና መወርወሪያው እንዳይሳብ ያግዱታል። መክፈቻው ጥርስ ያለው ዱላ ሲሆን ገብቶ ችንካሮቹን ወደ ላይ ሲያነሣቸው መወርወሪያው ይለቀቃል። በ1861 አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ይህንኑ ዐሳብ በነሐስና በትንንሽ ሞላ አሻሽሎ በጣት የሚያዝ ጠፍጣፋ መክፈቻ አወጣለት። ዛሬ በሎጊያ በኪራይ ክፍሎች በር ላይ የሚንጠለጠለው ጓጉንቸር ቁልፍ እንግዲህ የዚያ የእንጨት ቁልፍ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ ርካሹ ጓጉንቸር ችንካሮቹ ጥቂት፥ አሠራሩም ያልጠነቀቀ ስለ ሆነ የአንዱ መክፈቻ አንዳንድ ጊዜ የሌላውን ይከፍታል። አቧራ የበዛበት አገር ሲሆን ደግሞ ሰው ቁልፉን ዘይት ያጠጣዋል፤ ዘይቱም አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆንና ችንካሮቹን ያጣብቃቸዋል፤ ባለቤቱም በመጨረሻ በመዶሻ ይሰብረዋል። በዚያን ጊዜ ቁልፉ ለመሰበር የሚፈጀውን ደቂቃ ባለቤቱ ራሱ ይማራል።

ስለ ደቂቃ ካነሣን ዘንድ በ1851 በሎንዶን የሆነውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በዚያ ዓመት በተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣ። በእንግሊዝ አገር ማንም አይከፍታቸውም ተብለው የተመሰገኑ ሁለት ቁልፎች ነበሩ። የመጀመሪያው የቻብ ቁልፍ ነበር፤ ይህንንም በሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከፈተው። ሁለተኛው ጆሴፍ ብራማ የሠራው ሲሆን ከ1790 ጀምሮ በሱቁ መስኮት ተሰቅሎ፥ ለከፈተው ሰው ሁለት መቶ ጊኒ ይሰጠዋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት የኖረ ነው። ሆብስ በዐሥራ ስድስት ቀን ውስጥ በጠቅላላው ሃምሳ አንድ ሰዓት ሠርቶ ይህንንም ከፈተው፤ ሽልማቱንም ተቀበለ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ብዙ ተንጫጩ፤ የባንክና የሱቅ ባለቤቶችም ተጨነቁ። ለታሪክ ተማሪ ግን የነገሩ ቁም ነገር በጫጫታው ውስጥ አይደለም። ከዚያ በፊት ጥያቄው ይህ ቁልፍ ይከፈታልን ወይስ አይከፈትም የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንት ጊዜ ይወስዳል የሚል ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ የሚሠሩ ካዝናዎች መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው 15 ደቂቃ ወይም 30 ደቂቃ ቢታገላቸው እንደሚችሉ ተፈትነው በደቂቃ ይመዘናሉ። አይሰበርም ብሎ የሚጽፍ የለም።

ስለዚህ የቁልፍ ዋጋ የሚለካው በሚያተርፈው ጊዜ ነው። በዚያ በተረፈው ጊዜ ውስጥ ግን ሰው ካልደረሰ፥ ማለት ጎረቤት ካልሰማ፥ ዘበኛ ካልመጣ፥ ውሻ ካልጮኸ፥ የተገዛው ጊዜ ለባለቤቱ ምንም አይጠቅመውም። ቤት የትም አይሄድምና ሌባው በሩን የሚሰብረው እዚያው በመንደሩ መካከል ነው፤ ጊዜውም የባለቤቱ ወገን ይሆናል። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሌባው ሳጥኑን ከነቁልፉ ተሸክሞ ከሄደ በኋላ ጊዜው የእርሱ ነው፤ ማንም በማያየው ሥፍራ ተቀምጦ ቢፈልግ በሰጌቶ፥ ቢፈልግ በድንጋይ ይከፍተዋል። ሆብስ ሃምሳ አንድ ሰዓት ሲሠራ የከለከለው ያልነበረው ስለ ተፈቀደለት ነው፤ ለሌባው ይህንን ፈቃድ የሚሰጠው የዕቃው ቅለት ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። በ1981 የወጣው ኦስቦርን አንድ የሚባለው ኮምፒዩተር ተንቀሳቃሽ ይባል እንጂ ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ ግራም ነበር፤ እርሱን ሰርቆ ለመሮጥ ጎልማሳ ትከሻ ያስፈልግ ነበርና ክብደቱ ራሱ እንደ ቁልፍ ያገለግለው ነበር ማለት ይቻላል። በ2008 የወጣው ማክቡክ ኤር ግን 1.36 ኪሎ ግራም ብቻ ሲመዝን በወረቀት ፖስታ ውስጥ ገብቶ ለሕዝብ ታየ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ ኬንሲንግተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለላፕቶፕ የሚሆን ቁልፍ አወጣ። በላፕቶፑ ጎን 7 ሚሊ ሜትር በ3 ሚሊ ሜትር የሆነች ጠባብ ቀዳዳ ትበጃለች፤ ከብረት ሽቦ የተገመደ ገመድ በጠረጴዛ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ የገመዱ ራስ በቀዳዳዋ ገብቶ ሲዞር እንደ መልሕቅ ይይዛል። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ስለ ነበረ ብዙ ኮምፒዩተር ሠሪዎች ቀዳዳዋን ተቀበሉ፤ በቢሮና በቤተ መጻሕፍትም ተለመደ።

ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ሁሉም እኩል ስላልሆነ በዋና ዋናው ላይ ብቻ እንቆያለን። አንደኛው የገመዱ ነው፤ ቀጭኑን ገመድ ጠንካራ የሽቦ መቁረጫ በጥቂት ሰከንድ ይበጥሰዋል። ሁለተኛውና የባሰው የቀዳዳዋ ነው። ገመዱ ብረት ቢሆንም ቀዳዳዋ ያለችበት የላፕቶፑ አካል ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ስስ ብረት ነው። ብርቱ ሰው ላፕቶፑን ይዞ በኀይል ሲጎትተው ወይም ሲጠመዝዘው የቀዳዳዋ ዙሪያ ተቀድዶ ቁልፉ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ላፕቶፑም ከአንድ ጎኑ መሰንጠቅ በቀር ደኅና ሆኖ ይሠራል። ገዢው ስለ ስንጥቁ ቢጠይቅ ወደቀብኝ ማለት ለሌባ ምን ያቅተዋል? ሦስተኛው የመክፈቻው ነው። ከእነዚህ ቁልፎች ብዙዎቹ መክፈቻቸው እንደ ቧንቧ ክብ ነበር፤ በዚህ ዐይነት ቁልፍ ውስጥ ችንካሮቹ በክብ ይደረደራሉ። በ2004 በአሜሪካ እንዲህ ያለ የብስክሌት ቁልፍ በእስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈት ታወቀና ታላቅ ዕፍረት ሆነ፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ተገፍቶ ሲገባ በችንካሮቹ ቅርፅ ራሱን ያበጃልና። በዚያው ሰሞን አንዳንድ የላፕቶፕ ቁልፎችም በሶፍት ጥቅል መካከል ባለው ካርቶን እንደ ተከፈቱ ታየ። ኩባንያዎቹ በኋላ አሠራሩን አሻሽለዋል፤ የተሸጠው አሮጌ ቁልፍ ግን በየሰዉ እጅ ቀርቷል። በቁጥር የሚከፈተውም አራት አኃዝ ያለው እንደ ሆነ ካሉት ዐሥር ሺሕ ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ባልተጠነቀቀ አሠራር የተሠራውን ደግሞ የሠለጠነ ጣት ጎማዎቹን እየዳሰሰ ያገኘዋል። ከሁሉ በላይ ማክቡክ ኤርን የመሰሉ ስስ ላፕቶፖች ቀዳዳዋን ጨርሰው ትተዋታል።

አራተኛው ድካም የገመዱ ሌላ ጫፍ ነው፤ ይህን በሎጊያ ሆኖ ማየት ይቀላል። ገመዱ ከምን ላይ ይታሰራል? በኪራይ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ዕቃ የፕላስቲክ ወንበር፥ እግሩ ከፍ ሲደረግ ገመዱ ሾልኮ የሚወጣ ጠረጴዛ፥ ወይም በብሎን የተያያዘ የብረት አልጋ ነው፤ ብሎኑን ለመፍታት ፒንሳ ይበቃል። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። በታችኛው አዋሽ በበጋው ብርቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክፍል ዘግቶ መተኛት ስለማይቻል ሕዝቡ አልጋውን አውጥቶ በግቢ ወይም በደጅ ያድራል፤ ክፍል ውስጥ የሚቀርም ቢሆን መስኮቱን ይከፍታል። ቁልፍ የተዘጋ በርን ያጸናል እንጂ ክፍቱን አይዘጋም። በለንደን ብርድ የተፈተነ ቁልፍ በሎጊያ ሙቀት ፊት በመዝጊያው ላይ እንደ ጌጥ ይንጠለጠላል።

እንግዲህ በዚሁ ሙቀት፥ በዚሁ አገር፥ ያለ ቁልፍ ለብዙ ዘመን ንብረቱን ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ አለ። የአፋር አርብቶ አደር ቤት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ዳቦይታ ይባላል። የታጠፈ እንጨት በክብ ይተከልና ከዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ ሰሌን ይለብሳል፤ የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። ግጦሽ ሲያልቅ ቤቱ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል። እንዲህ ያለ ቤት ቁልፍ የሚሰቀልበት መዝጊያ የለውም፤ ቢኖረውም ሌባ ሰሌኑን ማንሣት ይበቃዋል። ሀብቱም ቢሆን ከቤት ውጭ የሚውልና የራሱ እግር ያለው ሀብት ነው፤ ግመል፥ ላም፥ ፍየል፥ በግ። ከዚህ የበለጠ ለመሰረቅ የሚመች ንብረት ማሰብ ያስቸግራል፤ የሚሸከመው እንኳ አያስፈልገውም።

ጥበቃው በሁለት ነገር ይቆማል። የመጀመሪያው ምልክት ነው። ግመል በእሳት ተተኩሶ የጎሣው ምልክት ይደረግበታል፤ የፍየልና የበግም ጆሮ ይሰነጠቃል። ምልክቱ ስርቆቱን አይከለክልም፤ ግን የተሰረቀው ግመል በየትኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢቀርብ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተሰጣጥተው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው በተራ ይጠያየቃሉ፤ ከወዴት መጣህ፥ ምን አየህ፥ ምን ሰማህ፥ ዝናብ የት ጣለ፥ ሣሩ እንዴት ነው፥ የጠፋ ከብት፥ ያልታወቀ እንግዳ አጋጥሞሃልን? የተጠየቀው የሰማውንና በዐይኑ ያየውን ለይቶ መናገር አለበት፤ ዳጉን ማዛባት ታላቅ ነውር ነው፤ ያስጠይቃልም። ወዲያው ሁለቱ ተለያይተው እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሰው ይነግራል፤ በዚህም መንገድ ወሬው ከግመሉ ቀድሞ ይጓዛል። ከሰመራ ተነሥቶ ግመል የሚነዳ ሌባ የሚደርስበት የውሃ ጉድጓድ ሁሉ ስለዚያ ግመል አስቀድሞ ሰምቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ከዳጉ በስተኋላ መዳዓ የሚባለው የአፋር ባሕላዊ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት አጥፊው ለብቻው አይቆምም፤ ጎሣው ካሣውን አብሮ ይከፍላልና ዘመዶቹ የራሳቸውን ሰው ይቆጣጠራሉ፤ የእኩዮች ማኅበር የሆነው ፊዕማ ደግሞ ውሳኔው እንዲፈጸም ያደርጋል። በሌላ አነጋገር በቁልፍ ተገዝቶ የሚባክነው ጊዜ እዚህ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሌባው የሚያመልጥበት ሥፍራ ስለማይኖረው ስርቆቱ ከተፈጸመም በኋላ ጊዜው የሚቆጥረው በእርሱ ላይ ነው።

ደጋውም ቢሆን ከዚህ የራቀ አልነበረም። በአማራው አገርና በሌላውም ዘንድ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዐት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ይሠራበት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስርቆት ሲፈጸም የአካባቢው ወንዶች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ የሚያውቁትን እስኪያወጡ ድረስም ወደ ቤታቸው አይሄዱም፤ ሌባው ካልተገኘ አገሩ ካሣውን አዋጥቶ ይከፍላል። ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ መድኃኒት ጠጥቶ የሚንገዳገደው ልጅ ወደቀበት ቤት ሌባ ተብሎ የሚያዝበት ልማድ ነበር። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ተደርጎ መቆጠር የለበትም ብለን እናምናለን። አውጫጭኝ ቢከብድም የሰው ዕውቀት ይሰበስባል፤ ሌባሻይ ግን ዕውቀት የሌለበትን ጥርጣሬ በንጹሕ ሰው ጫንቃ ላይ ይጥል ነበር። ዳጉም የሚደነቀው ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ነው።

ከአርቢው ወደ መኪና ነጂው ስንሻገር በሎጊያ ጎዳና ዳር ሌላ ትምህርት ቆሞ ይጠብቀናል። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር መዝጊያው ላይ ፕሎምፕ አለበት። ቃሉ እርሳስ ማለት ከሆነ የውጭ ቃል የመጣ ሲሆን ቀድሞ በእውነት በእርሳስ የሚታተም ማኅተም ነበር፤ አሁን ጣት የሚያህል የብረት ብሎን ሆኖ ቁጥር ተቀርጾበታል። ይህ ብሎን ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ ያስጠብቃል፤ ሆኖም በትልቅ የብረት መቁረጫ ወዲያው ይቆረጣል፤ ይህንንም ነጂው፥ ጉምሩኩ፥ ነጋዴውም ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ይታመናል? ቁጥሩ በሰነዱ ላይ ስለ ተጻፈና በመነሻውም በመድረሻውም ስለሚመረመር ነው። ብሎኑ ቢቆረጥ ሌላ ብሎን ማስገባት ይቻላል፥ ቁጥሩ ግን ከሰነዱ ጋር አይስማማም። እንደ ግመሉ ምልክት ሁሉ ፕሎምፕም ከክንዱ ይልቅ ምላሱ ይበረታል። እርግጥ ነው፥ ብልሆች ሌቦች ብሎኑን ሳይነኩ የመዝጊያውን ማጠፊያ ወይም የመያዣውን ብሎኖች ፈትተው ዕቃ የሚያወጡበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ መርማሪው ቁጥሩን አንብቦ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ምልክቱም ይታለላል። ጠንቃቃ ነጂ በሎጊያ ሲያድር ፕሎምፑን ብቻ ሳይሆን ማጠፊያውንም በባትሪ የሚያየው ስለዚህ ነው።

አሁን ሦስተኛውን፥ የተማሪውን ላፕቶፕ፥ ከእነዚህ ጋር አስተያይተን እንመልከት። ላፕቶፕ እንደ ግመሉ የጎሣ ምልክት የለበትም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡት ሁሉ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። እንደ ፕሎምፑ ቁጥር ግን አለው፤ በሆዱ በኩል በትንሽ ጽሑፍ ተለጥፎ ወይም ተቀርጾ ይገኛል፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥም ተመዝግቧል። ከባለቤቶቹ ስንቶቹ ይህን ቁጥር በሌላ ሥፍራ ጽፈው ያስቀምጣሉ? ላፕቶፑ የጠፋበት ተማሪ ወደ ፖሊስ ሲሄድ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ቀለሙንና የፋብሪካውን ስም ብቻ ነው፤ ይህም ግመል ጠፋኝ፥ ቡናማ ነው እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዳጉ ማንም ወደ ፊት ሊያደርሰው አይችልም። ፖሊስ ላፕቶፑን በሌባው እጅ ቢያገኘው እንኳ የዚህ ሰው ነው ብሎ የሚመሰክር ነገር ይጎድለዋል።

የሚታወቅ ዕቃ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለመረዳት ወደ ላሊበላ ብቅ ማለት ይበቃል። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ወጣ፤ በቤልጅግ አገር በአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ሥፍራው ተመለሰ። ቁልፍ አላዳነውም። የመለሰው ሌላ ወንድም የሌለውና መልኩ የታወቀ መስቀል መሆኑ ነው።

ይህንን ዐሳብ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ከሞከሩት አንዱ በአገራችንም የታየው ኤክስኦ የተባለው የሕፃናት ላፕቶፕ ነው። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ በሚል ዕቅድ የተሠራ ሲሆን ከ2008 ገደማ ጀምሮ በሺሕ የሚቆጠሩት ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋል። ነጭና አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጆሮ የሚቆሙ ሁለት አንቴናዎች ነበሩት፤ በአዋቂ ሰው እጅ ሲታይ ከወዴት አገኘኸው እንዲያሰኝ ታስቦ የተበጀ መልክ ነው። በውስጡም ከትምህርት ቤቱ የጊዜ ፈቃድ እየታደሰለት የሚሠራ፥ ፈቃዱ ካልታደሰ ራሱን የሚዘጋ ሥርዐት ታቅዶለት ነበር። ዕቅዱ ብልህ ነው፤ ሆኖም ፈቃዱን የሚያድስ ኔትወርክ በሌለበት መንደር የሚዘጋበት ሌባው ሳይሆን ሕፃኑ ይሆናል። በ2012 ደግሞ ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የዕቅዱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያ ዓመት እንደ ተናገረው ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋውን የካሜራ ሥራ ራሳቸው ከፈቱት። በጽሑፍ የተሠራው ቁልፍም እንግዲህ ከብረቱ ወንድሙ ብዙ አይለይም፤ ጊዜና ጸጥታ ላገኘ ሰው ይከፈታል።

ዳጉም ቢሆን ወሰን እንዳለው መደበቅ አይገባም። ዳጉ የሚሠራው ሰሚው ነገሩን ከተቀበለ፥ ነጋሪውም ከታወቀ ነው። ሎጊያ ግን ዛሬ አድሮ ነገ የሚሄድ መንገደኛ የሞላባት ናት፤ የመኪና ነጂው፥ ረዳቱ፥ ነጋዴው፥ ተማሪውም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። በመዳዓ ሥር የሚጠየቅ ጎሣ ለሌለው ሰው የአፋር ሕግ በምን ይይዘዋል? በማታ ከሎጊያ የተነሣ መኪና ጠዋት ሌላ ክልል ወይም የጅቡቲ ወሰን ይደርሳል፤ ላፕቶፑም ከወንበር ሥር ያለ አንድ ፌስታል ነው። በስልክ የሚነገር ዳጉ ከመኪናው ሊቀድም ይችላል፤ ሆኖም ስለ ምን እንደሚነገር የሚለይ ምልክት ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት የላፕቶፑን ቁጥር በደብተር መጻፍ፥ ክዳኑንም በማይፋቅ ምልክት መቅረጽ ከገመድ መግዛት ይቀድማል ብለን እንፈርዳለን። ክዳኑ የተቀረጸበት ላፕቶፕ በገበያ ዋጋው ይወድቃል፤ ባለቤቱ ግን ሊሸጠው አላሰበም። በጓደኞች መካከልም የአንዱን ቁጥር ሌላው ቢይዝ፥ ሁሉም በአንድ ቀን ቢሰረቅ እንኳ መረጃው አይጠፋም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዕቃው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ በጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ላፕቶፑ ብቻ ቢሰረቅ ተማሪው ያዝን ነበር እንጂ አይወድቅም ነበር። የሚሰረቀው ግን ሁለቱም አንድ ላይ ነው። የአንድ ዓመት የመስክ ጥናት፥ ከሽማግሌዎች የተቀዳ ድምፅ፥ የጥናቱ ተባባሪዎች ስምና ስልክ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይሄዳል። ድምፁ የተቀዳው ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ ሞተው እንደ ሆነ ደግሞ ገንዘብ አይመልሰውም። ይህንን ጉዳት ቁልፍም ምልክትም ዳጉም አይከለክሉትም፤ የሚከለክለው በሌላ ሰው ቤት የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂውን በዚያው ቦርሳ ውስጥ በፍላሽ መያዝ ግን ሁለት ግመሎችን በአንድ ገመድ አስሮ ለሌባ መስጠት ነው።

ባለቤቱ ከሚያጣው ሌላ፥ ሌባው የሚያገኘውም አለ። በግንቦት ወር 2006 በአሜሪካ ከጦር አገልጋዮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቤት አንድ ላፕቶፕና ተጨማሪ ዲስክ ተሰረቁ፤ በዲስኩ ላይ የ26.5 ሚሊዮን ሰዎች የግል መረጃ ነበረ፤ የተመሰጠረም አልነበረም። ዕቃው በኋላ ተገኘ፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለው ሁከት ለአንድ ላፕቶፕ ዋጋ ያልተመጣጠነ ሆነ። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሌሎችን ሰዎች ስምና ሁኔታ በላፕቶፑ ይዞ የሚዞር ሁሉ ይህን ማሰብ ይገባዋል። የይለፍ ቃል ብቻ መከላከያ አይሆንም፤ ሌባው በካቻቪቴ ክዳኑን ፈትቶ ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢያደርገው ጽሑፉ ሁሉ ይነበባል። ዲስኩን በሙሉ የሚመሰጥር ሥርዐት ግን በማክ ኮምፒዩተር ከ2011 ጀምሮ ፋይልቮልት፥ በዊንዶውስ ከ2007 ጀምሮ ቢትሎከር በሚል ስም በብዙ ዐይነቶቹ ላይ ይገኛል። በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደግሞ የተኛ እንጂ ያልጠፋ ኮምፒዩተር የምስጠራውን ቁልፍ በማስታወሻው ላይ ይዞ ስለሚቆይ ከዚያ ሊወሰድ ይችላል። እንግዲህ በሙቀቱ ወራት አልጋውን ወደ ደጅ የሚያወጣ ተማሪ ላፕቶፑን ክዳኑን ከድኖ ብቻ ሳይሆን አጥፍቶ ማደር አለበት።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው የቁልፉ ቁልፍ ነው። ቢትሎከር ሲበራ ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁጥር ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩ ጠባዩን ለውጦ የጠየቀ ዕለት ያ ቁጥር ከሌለ ባለቤቱም እንደ ሌባው ውጭ ይቀራል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሙዳየ ምጽዋት አንዱ ሌላውን ሳይዝ እንዳይከፍት መክፈቻው በሁለትና በሦስት ሰዎች እጅ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ተማሪውም ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ግማሹን ለእናቱ፥ ግማሹን ለታመነ ጓደኛው ቢሰጥ አንዱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም፤ ሁለቱን በስልክ ሲጠይቅ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሎጊያ ይደርስለታል።